ከእንጆሪ ቅጠል ጀርባ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው አስፋልት ቻኖንና ላንቴን ሲያልፍ፣ በቀኝ የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውሃ፣ በግራ የጋሞ ተራሮች መንገደኛውን አጅበው ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለው ሜዳ የሙዝ አገር ነው። ሙዙ ጋብ ሲል ማንጎ፣ ማንጎው ጋብ ሲል በቆሎና ጥጥ ይተካል። አይሱዙዎች መንገድ ዳር ቆመው ለአዲስ አበባ የሚሄደውን አረንጓዴ ሙዝ ይጭናሉ። ከዚያ ሜዳ ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ከገደሉ አፋፍ ላይ ዛፍና ጭስ ይታያል። ኦቾሎ እሱ ነው። ከአርባ ምንጭ የሚርቀው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው፤ ከታች ላብ ያጠመቀው ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

የኦቾሎ ሰው ከላይ ኖሮ ከታች ሲያርስ የቆየ ሕዝብ ነው። ሜዳው ሲሳይ ይሰጣል፣ ወባም ይሰጣል። ተራራውም ቢሆን ከነፍሳት አላመለጠም። በሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ የኦቾሎ ስም የሚነሳው ከቁንጭር ጋር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጊዜው የወጡ ተመራማሪዎች በድንጋዩ ስንጥቅና በዋሻው የምትኖር ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ የበሽታውን ተህዋስ ከሽኮኮ ወደ ሰው እንደምታመጣ አሳይተዋል። ጠባሳው ዛሬም በብዙ ሰው ጉንጭና አፍንጫ ላይ ይታያል። ቆላው ደግሞ ከብት በገንዲ የምትጨርሰው የቆላ ዝንብ አገር ነው። እርሷን ለማጥፋት በ1997 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ፕሮጀክት የደቡብ ስምጥ ሸለቆን 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከዝንቧ ለማጽዳት ያቀደ ነበር። ወንዱን ዝንብ ቃሊቲ አርብቶ፣ በጨረር አምክኖ፣ ዱር ካሉት ሴቶች ጋር እንዲገናኝና ዘር እንዳይተካ መልቀቅ ነበር ሥራው። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው በስድስትና በስምንት እግር የሚሄደውን ሁሉ በጠላትነት ቢያይ አልፈርድበትም።

እኔን ወደዚያ ያወጣኝ እንጆሪ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተምሮ ሥራ ያጣ አንድ ወጣት ከእናቱ ቤት ጀርባ፣ በድንጋይ በተካበ እርከን ላይ፣ እንጆሪ መትከሉን ከተማ ውስጥ ሰምቼ ነበር። ሐሳቡ ፍሬውን ለአርባ ምንጭ ሆቴሎች ማቅረብ ነው። ጋሞ ውስጥ ፍራፍሬ ከተባለ በቆላው ሙዝ፣ በጨንቻ ደጋ ፖም ነው፤ እንጆሪ ገና እንግዳ ነው። ኦቾሎ ያለበት ከፍታ ግን እንጆሪ የሚወደውን ቀዝቃዛ ሌሊት ይሰጣል።

ስደርስ ልጁ ፊቱ አልፈካም ነበር። ቅጠሎቹ አረንጓዴነታቸው ጠፍቶ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቷቸዋል፤ አሮጌዎቹ ወደ ነሐስ ቀለም ሄደዋል። አንዳንዱ ላይ ስስ ድር አለ።

«ጋሼ፣ የሆነ መድኃኒት ንገሩኝ፤ ሁለት ዓይነት ረጭቻለሁ፣ ብሶበታል» አለኝ።

አንዱን ቅጠል ገልብጬ አጉሊ መነጽር አስጠጋሁ። እንደጠበቅሁት ቀይ ሸረሪት ነው፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞች በዚህ ስም ይጠሩታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ቀይ አይደለም። ሐመር ቢጫ አካል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ አንዳንድ ጥቁር ነጠብጣብ። የሸረሪት ዘመድ፣ ባለስምንት እግር፣ ማይት የሚባለው ወገን ነው። የቅጠሉን ሕዋስ እየወጋ ይመጥጣል፤ እያንዳንዷ ነጭ ነጠብጣብ የተመጠጡ ሕዋሳት ቦታ ናት። ሙቀት ሲያገኝ ከእንቁላል ተነስቶ በሳምንት ገደማ ለአካለ መጠን ይደርሳል።

መነጽሩን ወደ ቅጠሉ ዋና ጅማት ሳስጠጋ ሌላ ነገር ታየኝ። ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ረጃጅም እግር፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚፈጥን። እንቁላሎቹ መሃል ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። እሱም ማይት ነው፤ ግን ቅጠል አይነካም። ምግቡ እነዚያ ቢጫዎቹ ናቸው። ዝቅ ብሎ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥቁር ጥንዚዛ ነበረች። ከነጠብጣባሞቹ ጥንዚዛዎች ወገን ናት፤ እሷና እጯ ኑሯቸው በማይት ላይ ነው።

ልጁ መነጽሩን ተቀብሎ ብዙ ቆየ። «እነዚህን አላየኋቸውም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተለውጦ። እናቱ መጡና እሳቸውም አዩ። የብርቱካናማው ሩጫ ገርሟቸው ሳቁ፤ ከዚያ «ታዲያ ካሉ ለምን አላዳኑትም?» ብለው ጠየቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልሱም ልጁ ከረጨው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ፀረ-ነፍሳት ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቀይ ሸረሪት ከቅጠል ጀርባ፣ ከድሩ ሥር ተሸሽጎ ብዙው ርጭት ያልፈዋል። አዳኙ ግን ምግብ ፍለጋ ቅጠሉን ሲያካልል ውሎ መርዙን በእግሩ ይለቃቅማል። ከዚህም በላይ ቀይ ሸረሪት መድኃኒት በመልመድ በዓለም ከታወቁት ተባዮች ግንባር ቀደም ነው፤ ከ90 በላይ በሆኑ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮች ላይ መቋቋም ማሳየቱ ተመዝግቧል። ስለዚህ የሚረጭ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ጠባቂውን ነው። ከርጭት በኋላ ባዶ የሆነውን ቅጠል ቀድሞ የሚሞላው ደግሞ ቶሎ የሚራባው ተባይ ነው። «ረጨሁ፣ ባሰበት» የሚለውን ቃል ከቲማቲም ገበሬም ከጎመን ገበሬም ሰምቼዋለሁ። ገበሬው ያየውን ነው የተናገረው፤ ምክንያቱን የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ተባይን በአዳኙ የመቆጣጠር ምስጢር በሌላው ዓለም የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ከቺሊ ወደ ጀርመን በተላኩ የኦርኪድ አበቦች ላይ አንድ አዳኝ ማይት ተገኘ። ዛሬ ፋይቶሲዩለስ ፐርሲሚሊስ በሚለው ስሙ በመላው ዓለም የሚሸጠው እሱ ነው። አንዷ እናት በቀን እስከ 5 ያደገ ቀይ ሸረሪት፣ ወይም እስከ 20 እንቁላል ትበላለች፤ አየሩ ከተስማማት ከተባዩ ፈጥና ትራባለች፤ የምትበላው ሲያልቅ እሷም ታልቃለች። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ይህችን ማይት በእንጆሪ ማሳ ላይ እየለቀቁ ውጤቷን ለኩ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ያን ኮፐርት የሚባል ሆላንዳዊ የኪያር ገበሬ፣ የሚረጨው መድኃኒት ጤናውን ቢጎዳው፣ ማይቷን ለራሱ ግሪን ሃውስ አረባ። ጎረቤቶቹ ለእኛም አሉት፤ ንግዱ ከዚያ ተነሳ። እኛም ጋ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በዝዋይና በሌሎች የጽጌረዳ እርሻዎች አዳኝ ማይት ይለቀቃል። የእነዚህ እርሻዎች ሠራተኞች በየቀኑ ቅጠል እየገለበጡ የሚቆጥሩ ናቸው፤ አገራችን ስለ ማይት ያላት የተግባር ዕውቀት ትልቁ ክፍል እነርሱ ዘንድ ይመስለኛል።

ልጁ ወዲያው «ከዝዋይ ላስመጣ?» አለ። አልከለከልኩትም፣ አላደፋፈርኩትምም። ያቺ ማይት እርጥበት ትፈልጋለች፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲወርድ እንቁላሏ ይጎዳል፣ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀትም ትዳከማለች። ኦቾሎ ላይ ትኖር ይሆናል፤ ከታች ሜዳው ላይ በበጋ ትቸገራለች። ደግሞስ ሕያው ፍጡር ከቦታ ቦታ ማዛወር በዘፈቀደ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለቀለም ምርት ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል ምን እንዳደረገ አይተናል፤ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የስንቱን ቤተሰብ የክረምት ምግብ፣ በለስን፣ አጠፋ። እዚያው እርከን ላይ ያለው ብርቱካናማ አዳኝ ግን የአገሩን ሙቀትና ድርቅ ያወቀ ነው። ዘሩን ለይቶ ለመናገር ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እንዲኖር ለማድረግ ግን ርጭቱን ማቆም ይበቃል።

ከቤቱ ጥቂት እንደሄዱ ገደሉ ይመጣል። አባያ እስከ ማዶ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ የሙዙ አረንጓዴ፣ ከሙዙ መሃል የጥጥ ማሳ ቁርጥራጭ ይታያል። እዚያ ቆመን ለልጁ ያወራሁለት ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ስላለችው ሼሌ ነው፤ የጠቃሚ ነፍሳት ነገር በዚህ ዞን ከወረቀት ወጥቶ የገበሬ ሥራ የሆነው እዚያ ነውና።

ጥጥ መድኃኒት የሚያስጨርስ ሰብል ነው። ጓይ ትሉ፣ ክሽክሹ፣ ነጭ ዝንቡ ተራ በተራ ይመጡበታል። ለዓመታት ኢንዶሰልፋንን የመሰለ መርዝ በጥጥ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ ዓለም በስቶክሆልሙ ስምምነት እንዲወገድ የወሰነው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፓን-ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከእንግሊዙ አቻው ጋር ሆኖ ለአርባ ምንጭ አካባቢ የጥጥ ገበሬዎች የማሳ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ይዞ ከመጣው ነገር ሁሉ እኔን የማረከኝ የምግብ ርጭቱ ነው። ሐሳቡ የሮበርት ሜንሳ ነው፤ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በጥጥ ላይ የሠሩ ተመራማሪ። ተባዩን ከመግደል ይልቅ ጠባቂውን በምግብ መጥራት። በቤኒን የቢራ ፋብሪካ ተረፈ እርሾ ለዚህ ዋለ፤ እኛም ጋ በአገር ውስጥ ከሚገኝ ነገር ተሠራ። ሽታው ጠላ እንደደረሰበት ቤት እንግዳ ይሰበስባል፦ ነጠብጣባም ጥንዚዛዎች፣ መረብ የመሰለ ክንፍ ያላቸው አረንጓዴ ነፍሳት፣ ጥገኛ ተርቦች። መጥተው ይቀምሳሉ፣ በዚያው እንቁላል ይጥላሉ፤ እጮቹ ሲፈለፈሉ ክሽክሹና የትሉ እንቁላል ቀለባቸው ይሆናል። የፓን-ኢትዮጵያው ዶክተር ታደሰ አመራ ከሜንሳ ጋር ባሳተሙት ጥናት የምግብ ርጭቱ ከኒም ጋር ሲጣመር በማሳው ላይ የጠቃሚ ነፍሳት ቁጥር እንደሚጨምር ታይቷል። የሼሌ ሜላ ገበሬዎች ከዚያ አልፈው ጥጣቸው ኦርጋኒክ መሆኑ ተመስክሮለታል።

ከርጭቱ ይልቅ ለእኔ የሚከብደው ቆጠራው ነው። በሜንሳ ደንብ ሁለት ተባይ ባለበት ቢያንስ አንድ አዳኝ ከተገኘ አይረጭም። ቀላል ይመስላል። ግን ጥጡ ላይ ትል እያየ፣ የዓመቱ ገንዘብ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ጥንዚዛው በቂ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አስቡት። መርጨት ቢያንስ አንድ ነገር አደረግሁ ያሰኛል። መቁጠርና መተው ግን እውነተኛ ዕውቀት ካልደገፈው ሰው የማይደፍረው ነው። ለዚህ ነው የገበሬ ትምህርት ቤት የማከብረው፤ ሰው በራሱ ማሳ፣ በራሱ ዓይን አይቶ ነው የሚያምነው።

ልጁ «ጥንዚዛው ግን የኔን ማሳ ከጎረቤት ማሳ አይለይም» አለ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። ልክ ነው፤ ሥራው ከባድ የሚሆነውም ተስፋ የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። ነፍሳት ወሰን አያውቁም። ኮቴዢያ ፍላቪፐስ የምትባል ደቃቅ ተርብ የአገዳ ቆርቁርን ትል እየወጋች እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች፤ ልጆቿ ከውስጥ በልተው ይጨርሱታል። ከፓኪስታን መጥታ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፣ በኋላም ሶማሊያ። ኢትዮጵያ ውስጥ የለቀቃት ማንም አልነበረም፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ግን የእኛ ተመራማሪዎች በማሳችን ላይ አገኟት። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2017 (እ.ኤ.አ.) በቆሎአችንን ሲወር ደግሞ ሌላዋ ዘመዷ፣ ኮቴዢያ አይሲፔ፣ ማንም ሳይጠራት በአዲሱ ተባይ ላይ ተነሳች፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰቡት ትሎች እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእርሷ ተወግተው ተገኙ። ድንበር ተሻግራ የምትረዳ ተርብ ግን ድንበር ተሻግሮ በመጣ መርዝም ትሞታለች። አንድ ሰው ብቻውን በግማሽ ጥማድ መሬት ላይ ተርብ ሊጠብቅ አይችልም።

ኦቾሎ ለዚህ የሚሆን ነገር አለው። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ ተቀምጦ የኦቾሎን ጉባኤዎች አጠና፤ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍም የሕዝብ ጉዳይ በሕዝብ ፊት፣ በአደባባይ፣ በንግግር እንዴት እንደሚወሰን የሚናገር ነው። ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የስብሰባ ቦታ ዛሬም አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ተወላጆች ቡራዩ ውስጥ ከተገደሉ በኋላ ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው እንደመለሱት አገር ያስታውሳል። ያ ሥልጣን ከየትም አልመጣም፤ ሰው ዱቡሻ ላይ ሲደማመጥ ኖሮ ነው። የርጭት ጉዳይ ከግጦሽና ከውሃ ጉዳይ በምን ያንሳል? የአንዱ ጠርሙስ የሌላውን ጠባቂ ከገደለ የጋራ ጉዳይ ነው።

ይህን ማምሻውን የልጁ እናት ቤት ለመጡት አንድ ሽማግሌ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ የምትለው ነገር ገብቶኛል፤ ግን ያላየነውን ነገር ዱቡሻ ላይ አንናገርም። መጀመሪያ አሳየን» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንጆሪው በላይ ወዳለው እርከን ወጣን። የልጁ አጎት የጎመን ማሳ ነው፤ መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ የሚውለው እሱ ነው። ጎመኑ ላይ ዐመድ የለበሰ የመሰለ ክሽክሽ ተሰብስቧል። ከክሽክሹ መሃል አንዳንዱ አብጦ፣ ደርቆ፣ የቆዳ ቀለም ይዟል፤ ጀርባው ላይ በወስፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ አለ። አጎትየው መነጽሩን ይዞ አየና «ይህንንማ ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ በሽታ መስሎኝ ነበር» አለ። በሽታ አይደለም፤ ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ክሽክሹ ውስጥ ጥላ፣ ልጇ ከውስጥ በልቶት፣ አድጎ ቀዳዳውን በስቶ የወጣበት ነው። ገና ያልተበሱትን ከነቅጠላቸው ቆርጠን ብርጭቆ ውስጥ አስገባን፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርን፤ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

አጎትየው ወዲያው ተለወጠ ማለት አልችልም። ጎመኑ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ነው፤ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ብዙ ተነጋገርን። ከእንጆሪው አጠገብ ያሉትን ሁለት መደቦች እስከ ዝናቡ ድረስ ላይረጭ፣ ልጁ ደግሞ በየሦስት ቀኑ ክሽክሹንና ያበጡትን ቆጥሮ ሊጽፍለት ተስማሙ። በእርከኖቹ ጠርዝ ላይ ድንብላል እንዲዘራ፣ አበባውም ለተርቦቹ ቀለብ እንዲሆን እናትየው ዘሩን አቀረቡ። ልጁ የእንጆሪውን ቅጠል አቧራ በውሃ ማጠብ ጀመረ፤ ቀይ ሸረሪት ደረቅና አቧራማ ቅጠል ይወዳል።

«እኔ ብተው ከላይ ያለው ሰውዬ ቲማቲሙን ይረጫል፣ ነፋሱ ወደኛ ነው» አለ አጎትየው ስንለያይ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ብርጭቆውን ይዘው ተመልሰው ነበር፤ ከውስጡ አንዲት ጥቁር ተርብ ወጥታ የነጠላውን ቁራጭ ታንኳኳለች። የቲማቲሙን ባለቤት ስም ጠየቁ፣ ከእሱ በላይ ያለውንም፣ ከምንጩ ማዶ ያሉትን ሁለት ወንድማማቾችም። ልጁ ስማቸውን ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ማን እንደሚጠራቸው፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰበሰቡ፣ ብርጭቆውንም ማን እንደሚይዝ ይነጋገሩ ጀመር።